ከደርግ ወደ አንድ ሰው፦ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሕይወትና ለተማሪ የሚሰጠው ትምህርት

በዕረፍት ጊዜ ወደ ሁሩታ ስመለስ በቤታችን አንድ የቆየ ክርክር ይጠብቀኛል። አባባ እያልን የምንጠራቸው አያቴ፣ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ ገበሬ ናቸው፤ ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሲነሣ «መሬት የሰጠኝ እሱ ነው፤ ክፉ አታናግሩኝ» ይላሉ። እማማ ግን ስሙን ጨርሶ አይጠሩም፤ ነገሩ በተነሣ ቁጥር ድምፅ ሳያሰሙ ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። የበኩር ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ ተከራይቶ ከሚኖርበት ቤት በሌሊት ተወስዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ መቃብሩም አይታወቅም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሰባ ዓመት ያህል በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ ስለ አንድ ሰው ሁለት ፍርድ ይዘው አርጅተዋል።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ከሁለቱ አንዱን ለመርታት አይደለም። ሰውዬውን መርገምም ሆነ ማወደስ በየቡና ቤቱ የሚሠራ ሥራ ነውና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጽሔት አያስፈልገውም። ለእኛ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከመቶ በላይ አባላት የነበሩት፣ ድምፅ እየሰጠ የሚወስን ኮሚቴ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዴት የአንድ ሰው መንግሥት ሊሆን ቻለ? የሚለው ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ ብዙ ሰው «ደርግ» ማለት ጨካኝ አገዛዝ ማለት ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቃሉ ከግእዝ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም ኮሚቴ ማለት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የቃሉ ትርጉም መለወጡ ራሱ የታሪኩን ግማሽ ይነግረናል።

1. የወታደር ልጅ

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተወለዱት በኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። አባታቸው ወታደር ነበሩ፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው ወደ ጦር ሠራዊት ገቡ። ከዚያም በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ተምረው በመኮንንነት ተመረቁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በዚያ ዘመን መኮንን የሚሆን ሰው የሚያልፍባቸው መንገዶች አንድ ዓይነት አልነበሩም። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት የጨረሱ ወጣቶችን ይቀበል ነበር። ሆለታ ግን በአብዛኛው ከተራው ወታደር መካከል የወጡትን ያሠለጥን ነበር። ስለዚህ የሆለታው መኮንን በአንድ በኩል የተራውን ወታደር ኑሮ ከውስጥ ያውቃል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከእርሱ በላይ የተማሩትንና ከትልቅ ቤት የተወለዱትን ከታች ቀና ብሎ ያያል። ከዚህ የሚመነጨው ቁጭት የመንግሥቱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሺህ ሰው ቁጭት ነበረ።

ከምረቃ በኋላ ሐረር በሚገኘው በሦስተኛው ክፍለ ጦር በመሣሪያ ግምጃ ቤት ሥራ ተመደቡ። ለትምህርትም ወደ አሜሪካ ተልከው ነበር። በ1966 ዓ.ም. የሻለቃነት ማዕረግ ላይ ደርሰው ነበር። በጦር ሜዳ ጀግንነት የታወቁ አልነበሩም፤ ከክፍለ ጦራቸው ውጭም ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ «ከአሥር ዓመት በኋላ ይህችን አገር ማን ይገዛታል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከጠቢባን አንድ ሰው እንኳ የእርሳቸውን ስም አይጠራም ነበር።

2. ሥልጣን በኮሚቴ እጅ

የ1966ቱ አብዮት የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውሃ ምክንያት አምፀው አለቆቻቸውን አሰሩ። በየካቲት መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ተማሪው አደባባይ ወጣ፤ የደብረ ዘይት አየር ኀይል አባላት ተነሡ። የጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚህ ሁሉ በፊት የወሎ ረኀብ ሰው ሲፈጅ መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን መሞከሩ የዙፋኑን ክብር አስቀድሞ በልቶት ነበር።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲነሣ ግን የተደራጀ ፓርቲ አልነበረም፤ በፓርላማው የሚተማመን ሰው አልነበረም፤ የሠራተኛውና የመምህራኑ ማኅበራትም ገና ደካሞች ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ መገናኛ፣ መሣሪያና የእዝ ሥርዓት የነበረው ጦሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የጦር ኀይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። አባላቱ ከየክፍሉ የተላኩ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጄኔራሎችና ኮሎኔሎች የድሮው ሥርዓት ተጠቃሚ ናቸው ተብለው እንዳይገቡ ተደረገ። ሻለቃ መንግሥቱ የሦስተኛው ክፍለ ጦር ተወካይ ሆነው የመጡት ለዚህ ነበር።

የኮሚቴው መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል ሲሆን ለውጡ ያለ ደም መካሄዱ ትልቁ ኩራቱ ነበረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። በዚያው ቀን ኮሚቴው ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብሎ ሰየመ፤ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ሰላማዊ ሰልፍንና ሥራ ማቆምን ከለከለ።

ውድ አንባብያን፣ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። እስከ መቼ? የሚለው በዐዋጁ ውስጥ አልተጻፈም። በዚያን ጊዜ ይህን ጥያቄ ካነሡት መካከል የእኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሠራተኛ ማኅበሩ ይገኙባቸዋል፤ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ለማኅበሩ መሪዎች እስር፣ ለተማሪው ደግሞ ዘመቻ ሆነ። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተሠማሩ። ዘመቻው ለገበሬው የጠቀመው ነገር ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄ የሚጠይቀው ክፍል ከከተማ መራቁ ለጠያቂው ሳይሆን ለተጠያቂው ዕረፍት ሰጠ።

3. እጅ የወጣባቸው ቀኖች

ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን ትግል በርእዮተ ዓለም ቋንቋ ሲጽፉት ኖረዋል። እኔ በበኩሌ ነገሩን በአራት እርምጃዎች ብንከፋፍለው የሚሻል ይመስለኛል። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ «ለዚህ ጊዜ ብቻ» የሚል ምክንያት ነበረ።

የመጀመሪያው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ከደርጉ ጋር አልተስማሙም ነበር። ከተጣሉባቸው ጉዳዮች አንዱ የታሰሩት የቀድሞ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ እንዳይገደሉ መፈለጋቸው ነው። በዚያ ሌሊት ጄኔራሉ በቤታቸው ተኩስ ተከፍቶባቸው ሞቱ፤ 60 ያህል ሰዎችም ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነዚህ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ። ልብ በሉ፤ ይህ ውሳኔ የአንድ ሰው ትእዛዝ አልነበረም። የደርጉ አባላት ስም እየተጠራላቸው እጃቸውን አውጥተው የወሰኑት ነው። ብዙ ሰው ውሳኔውን በሬዲዮ ሲሰማ «የሕዝብ ደም የመጠጡ ናቸው» ብሎ ዝም አለ፤ ያጨበጨበም ነበረ። ሆኖም ፍርድ ቤት ለሚጠላው ሰው ካልሠራ ለሚወደው ሰውም እንደማይሠራ ያን ቀን የተገነዘበው ጥቂት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይሉታል ይህን ነው።

ሁለተኛው ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ከጄኔራል አማን በኋላ ሊቀ መንበር የሆኑት ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. እንደ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል ያሉ የደርጉ የተማሩ አባላት የደርጉን አሠራር የሚያሻሽል ዐዋጅ አወጡ። ሐሳባቸው ሥልጣን ለኮሚቴው እንዲመለስ፣ የሻለቃ መንግሥቱም ሥልጣን በሕግ እንዲወሰን ነበረ። በሕግ ረገድ አሸነፉ። ዳሩ ግን የቤተ መንግሥቱ ጥበቃ በእጃቸው አልነበረም። ወር ከምናምን ሳይቆይ ሊቀ መንበሩና እነዚህ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተይዘው ተገደሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የካቲት 4 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሊቀ መንበር ሆኑ። ከዚህ የምንማረው በወረቀት የተጻፈ ገደብ፣ ጠመንጃውን የያዘው ክፍል ካላከበረው፣ ወረቀት ብቻ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ቀይ ሽብር ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ በአብዮት አደባባይ ንግግር ሲያደርጉ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ከመሬት ላይ ከሰከሱ። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው የታጠቁት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ያዙ፣ ገረፉ፣ ገደሉ። ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ ያድር ነበር፤ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም ነበሩ። በሺህ የሚቆጠር የተማረ ወጣት አለቀ።

እዚህ ላይ የእኛ ወገን፣ የተማሪው ወገን፣ ራሱን ከደሙ ንጹሕ ማድረግ አይችልም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በአንድነት ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች በ1969 ዓ.ም. በሁለት ተከፍለው ነበር። ኢሕአፓ ደርጉን በመሣሪያ ለመጣል ቆርጦ በከተማ ውስጥ ግድያ ጀመረ። መኢሶን ደግሞ ለደርጉ «ሂሳዊ ድጋፍ» እሰጣለሁ ብሎ ቀረበ፤ በሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትም ገባ። በመጻሕፍት ላይ የተጀመረ ክርክር በሽጉጥ ተፈጸመ። የኢሕአፓ ወጣቶች ሲመቱ መኢሶን ዝም አላለም፤ አገዘ። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ላይ ተራው ለራሱ ለመኢሶን ሲደርስ ግን የሚጮኽለት አልተገኘም። ሁለቱ ወንድማማቾች ሲፋጁ ያተረፈው ሦስተኛው ሰው ነው።

አራተኛው በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከደርጉ ምሥረታ ጀምሮ ምክትል የነበሩት ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በደርጉ ውስጥ «አይሆንም» የሚል ድምፅ አልተሰማም። ስሙ ኮሚቴ ነው፤ ስብሰባውም ይጠራል፤ ቃለ ጉባኤውም ይያዛል፤ ሥልጣኑ ግን በአንድ ወንበር ላይ ነው። ሬዲዮውም ስማቸውን ለመጥራት «የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር፣ የአብዮታዊ ሠራዊት ዋና አዛዥ» እያለ ረጅም ትንፋሽ ይወስድ ጀመር።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የሶማሊያን ጦርነትም መጥቀስ ይገባል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ ሠራዊት ኦጋዴንን ወርሮ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሲገሠግሥ አገሪቱ በእርግጥ አደጋ ላይ ነበረች። ለእናት አገር ጥሪ ከየገጠሩ የተነሣው ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘመተ። በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደሮች ርዳታ ጠላት ተመለሰ፤ ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ካራማራ የኢትዮጵያ ገበሬ ድል ነው። ይሁን እንጂ ድሉ በአንድ ሰው ስም ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የመሪውን ውሳኔ መጠየቅ አገርን እንደ መክዳት ተቆጠረ።

4. ነገሩ ከሁሩታ ሲታይ

እስካሁን የተነገረው የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። አባባ ግን ቤተ መንግሥቱን አይተውት አያውቁም። እርሳቸው መንግሥትን የሚያውቁት በአውድማ ላይ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት አባባ የእኩል አራሽ ነበሩ። በሬው የእርሳቸው፣ ድካሙ የእርሳቸው፣ ከምርቱ ግን ግማሹ የባለ መሬቱ ነበረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቁሞ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ የአርሲ ስንዴ ምርት አደገ። መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱን ያየው ባለ መሬት ግን ትራክተር አስገባ፤ ብዙ ጭሰኛም ከመሬቱ ተፈናቀለ። ለገበሬ የታሰበ ልማት ገበሬውን ያባረረበት ምክንያት መሬቱ የእርሱ ስላልነበረ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የጭሰኝነትን ግዴታ ሰረዘ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ የእርሻ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። አባባ እስከ ዛሬ የሚያወሩት በዚያ ዓመት ስለ ነበረው መኸር ነው። «አውድማው ላይ ማንም አልቆመብኝም» ይላሉ። እህሉ ሁሉ ወደ ገዛ ጎተራቸው ገባ። ይህን ደስታ ያላየ ሰው የእርሳቸውን ፍርድ ለመናቅ መብት የለውም።

ቢሆንም ታሪኩ በዚያ መኸር አያልቅም። የገበሬ ማኅበር በ800 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ሲቋቋም መሪዎቹን ገበሬው ራሱ ይመርጥ፣ በፍርድ ሸንጎውም የራሱን ክርክር ይዳኝ ነበር። እንደ ደርጉ ሁሉ ግን ማኅበሩም መልኩን ሳይለውጥ ውስጡ ተለወጠ። ትእዛዝ ከላይ መምጣት ጀመረ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ሰው እሰገድ የሚለው፣ በየገበሬው ላይ የኮታ እህል ጣለ፤ ዋጋውንም መንግሥት ቆረጠ። ምርቱ ባነሰበት ዓመት አባባ ከገበያ በውድ ዋጋ ስንዴ ገዝተው ኮታውን በርካሽ ሞልተዋል። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላም የማኅበሩ ሊቀ መንበር የስም ዝርዝር ይዞ ሲመጣ እናቶች ወንዶች ልጆቻቸውን በስንዴ ማሳ ውስጥ ይደብቁ እንደ ነበር እማማ ይናገራሉ።

በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የመንደር ምሥረታ ደረሰ። አርሲ ዘመቻው በስፋት ከተካሄደባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነበረ፤ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ገበሬ ከየሰፈሩ ተነሥቶ በተርታ መንደር እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይቀርብላችኋል ተብሎ ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራም ቀርቧል። አባባ ግን የራሳቸውን ቤት በራሳቸው እጅ አፍርሰው፣ ማገሩንና ወራጁን ተሸክመው፣ በገመድ በተለካ ተርታ ላይ እንደገና ሠሩ። ማሳው ራቀ፤ ከብቱ ተቸገረ። «ማንም የጠየቀን የለም» ይላሉ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየስፍራው በጥቂት ሳምንታት ፈረሱ፤ ሰውም ሳይታዘዝ ወደ ድሮው ሰፈሩ ተመለሰ። አንድ መንግሥት በአሥር ዓመት የገነባው በአንድ ወር ሲፈርስ፣ ከመጀመሪያው የሰዉን ፈቃድ እንዳልጠየቀ ያስረዳል።

5. እውነት የማይሰማ መሪ

ሁሉን የሚወስን ሰው ሁሉን ማወቅ ይኖርበታል፤ ሁሉን የሚያስፈራ ሰው ግን እውነቱን የሚነግረው አያገኝም። የመሪው የመጨረሻ ዓመታት ከዚህ ችግር አልወጡም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረትና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ወሎና ትግራይ በረኀብ እያለቁ ነበር። ንጉሡን የጣለው የተሸፈነ ረኀብ ነበር፤ የጣላቸውም መንግሥት ረኀብን በበዓል ሸፈነ።

በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጸድቆ ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ተነሣ፤ ሰውዬው ግን ፕሬዚዳንት፣ የፓርቲው ዋና ጸሐፊና የጦር ኀይሎች ጠቅላይ አዛዥ ሆነው ቀጠሉ። በ1980 ዓ.ም. ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በመጋቢት አፍአበት ላይ ታላቅ ሽንፈት ደረሰ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲሄዱ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ በዓመቱ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከሰሐራ በታች ካሉት ትላልቅ ሠራዊቶች አንዱ የነበረው ጦር አእምሮውን በገዛ አዛዡ እጅ አጣ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ በኬንያ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። እስከ መጨረሻው ጥይት እንድንዋጋ ይሉ የነበሩት ሰው ወታደራቸውን በየምሽጉ ትተው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው የፍርድ ሂደት በሌሉበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አድርጓቸው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ወደ ሞት ፍርድ ለወጠው። ፍርዱ አልተፈጸመም። የኅዳር 14 ሟቾች ያላገኙት ጠበቃና ይግባኝ ለእርሳቸው መሰጠቱ ግን አንድ ትምህርት ነው።

6. ምን እንማራለን?

«ወታደር ሲገዛ ምንጊዜም እንዲህ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። የዛየሩ ሞቡቱና የሶማሊያው ሲያድ ባሬ ይህን አባባል ይደግፉለታል። ይሁን እንጂ ጎረቤታችን ሱዳን ሌላ ምሳሌ አላት። በ1977 ዓ.ም. ኒሜሪ ሲወድቁ ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ስዋር አልዳሃብ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫ አድርገን እናስረክባለን ብለው ቀን ቆረጡ፤ በ1978 ዓ.ም. ቃላቸውን ጠብቀው አስረከቡ። ያ የተመረጠ መንግሥት ቆይቶ በሌላ መኮንን መገልበጡ ሌላ ታሪክ ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ ልዩነቱ በዩኒፎርሙ ሳይሆን በተቆረጠው ቀን ላይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ «ጊዜያዊ» የሚባል ሥልጣን ሁሉ ማብቂያ ቀኑ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሕግ መጀመሪያ መከበር ያለበት በምንጠላው ሰው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ድምፅ ሲሰጥ ይቈጠር፤ የተቃወመም ሰው ስሙ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

የሦስተኛውን ነገር በእኛ ላይ ላሳይ። በአንድ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ «ጊዜው አስቸኳይ ስለሆነ ሥራ አስፈጻሚው ጠቅላላ ጉባኤ ሳይጠራ ይወስን» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እጅ ወጣ፤ ማንም አልቈጠረም፤ «በሙሉ ድምፅ» ተባለ። እኔም እጄን አውጥቼ ነበር፤ ምክንያቴም ምሳ ሰዓት መድረሱ ነበር። የእኛ ጉዳይና የደርጉ ጉዳይ በመጠን እንደማይገናኝ ዐውቃለሁ። ልማዱ ግን አንድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለትም ለዚህ ነው።

ወደ አባባና እማማ ልመለስ። ባለፈው ዕረፍት አባባ «መሬት የሰጠኝ እሱ ነው» ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መለስኩላቸው። «አባባ፣ መሬቱን ተማሪ በአደባባይ ጠየቀ፤ ወታደር አምፆ አስገደደ፤ ደርጉ ዐዋጁን ፈረመ። ለገበሬው ለክተው ካከፋፈሉት ዘማቾች አንዱ ደግሞ የእርስዎ ልጅ ነበር» አልኳቸው። አጎቴ በ1967 ዓ.ም. ዘምቶ በሌላ ጠቅላይ ግዛት የሌላ ሰው አባት መሬት ሲለካ ከርሞ ነበር። አባባ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «እሱስ እውነት ነው። ሲመለስ እጁ በገመድ ቆስሎ ነበር» አሉ። እማማ ያን ቀን ወደ ጓዳ አልገቡም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሕዝብ የሚገባውን ለሕዝብ የሰጠ መንግሥት ስጦታ ሰጠ አይባልም፤ ዕዳውን ከፈለ ይባላል እንጂ። ዕዳ የከፈለ ሰው ደግሞ በምትኩ ልጃችንን ሊወስድ አይችልም። ይህን በቤታችንም፣ በስብሰባችንም፣ ነገ በምንገባበት መሥሪያ ቤትም ማስታወስ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው።